እስከ መቼ የሰው ገመና እንዋሳለን?

አንድ ዘመን የአማርኛ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ያለ ሰላይ አይንቀሳቀስም ነበር። ጥቁር መነጽር፣ ሽጉጥ፣ የሆቴል ክፍል፣ የጠፋ ሰነድ። አሁን ሰላዩ ጡረታ ወጥቷል፤ በቦታው የተሾመው ቤተሰብ ነው። የአባት የቆየ ኃጢአት፣ በእናት ሳጥን ውስጥ የተቀበረ ደብዳቤ፣ ለውርስ ሲል ወንድሙን የሚገፋ ወንድም … ገበያው የሚጠይቀው ይህን ሆኗል። በትርጉም የሚመጣው ይህ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ አፍ እየተናገረ ሳሎናችን የገባው የባዕድ ድራማ ብዙው ይህ ነው። የእኛዎቹ ደራስያንም ተቀብለው የሚያባዙት ይህንኑ ነው።

ፋሽኑን አልጠላሁትም። እንዲያውም ከሰላይ ይልቅ ወንድም እንደሚያስፈራ ደራስያኑ ዘግይተውም ቢሆን ስለነቁ ደስ ብሎኛል። የምቃወመው የምናነበው ገመና የሌላ ሰው ገመና መሆኑን ነው።

ባለፈው ክረምት ከእነዚህ መጻሕፍት ሦስቱን በተከታታይ አነበብሁ። ርዕሳቸውን አልጠራም፤ ጠቤ ከልማዱ እንጂ ከሦስት ሰዎች ጋር አይደለምና። በሦስቱም ውስጥ ቦሌ አካባቢ ሰፊ ቪላ አለ። በሦስቱም ባለጸጋው አባት ይሞታል። በሁለቱ ጠበቃው ቤተሰቡን ቢሮው ይሰበስብና የታሸገ ፖስታ ቀድዶ ኑዛዜ ያነባል፤ ሁሉም ክው ይላል። በሦስተኛው ፖስታውን የሚተካው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ውጤት ነው። ጥፋተኛው መጨረሻ ላይ ወይ ራሱን ይገድላል፣ ወይ አሜሪካ ይሄዳል። (ከሁለቱ የትኛው የከፋ ቅጣት እንደሆነ ደራስያኑ አልነገሩንም።)

ውድ አንባቢ፣ እስኪ እውነቱን እንነጋገር። ከዘመዶችህ መካከል ቀብር በዋለ በሳምንቱ ጠበቃ ቢሮ ተሰብስቦ ፖስታ ሲቀደድ ያየ አለ? በእኛ ቤት ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። ሰልስቱ ይወጣል። አርባው እስኪያልፍ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ነገሩ የሚጀመረው ከአርባው ማግስት ነው፤ ያውም በዝምታ፣ አንዱ ወንድም በሬዎቹን ወደ ራሱ በረት ሲያስገባ። የእንግሊዙን ጠበቃ ወደዚህ ማምጣት ባርኔጣ ለታቦት እንደ መግዛት ነው።

ሕጉን ብቻ ገልጠው ቢያነቡ እንኳ የተሻለ ሴራ ባገኙ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚነበበው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ አይደለም። በሕይወት ሳለ፣ በራሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። እንግዲህ አስቡት። በእኛ ሀገር ምስጢሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአራት ሰዎች ሆድ ውስጥ ነው። አንዱ ጎረቤት ነው፣ አንዱ የዕድር ዳኛ፣ አንዱ ባለዕዳ፣ አንዱ ደግሞ የታላቁ ልጅ አማች። ሽማግሌው ገና ምሳ እየበሉ ነው። ልብ የሚያንጠለጥለው «ፖስታው ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ሊሆን አይችልም፤ «ከአራቱ ማን ይሸጠዋል?» የሚለው ነው። ይህን ሴራ የጻፈ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ቃሉ ራሱም ይበቃ ነበር። «ኑዛዜ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ ንብረትን ለወራሽ መተው፣ ኃጢአትንም ለካህን መናገር። ፈረንጅ ለሁለቱ ሁለት ቃል፣ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ባለሙያ አበጅቷል። የእኛ አባት ግን አልጋው ላይ ሆኖ «ልናዘዝ» ባለ ጊዜ ልጆቹ መሬቱን ይናገር እንደሆን ደሙን አያውቁም። የቤተሰብ ምስጢር፣ ጸጸትና የሀብት ጉጉት በአንድ ቃል ውስጥ ታስረው ተቀምጠዋል። ከዚህ በላይ ምን ይሰጠን?

በሌላው ወገን ደግሞ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሁሉ ርካሽ ነው የሚሉ ሐያስያን አሉ። ከእነርሱ ጋር ብዙ አልቆይም። ማክቤዝ ምንድን ነው? እንግዳውን በተኛበት የገደለ ባልና እጇን አጥባ አጥባ የማይጠራላት ሚስት ታሪክ አይደለም? ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ሲመልሰው ርካሽ ነገር ተረጎመ ያለው የለም።

ወደ ሀገሩ ልውሰዳችሁ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከተማዋን ከቦ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ ጣና ሐይቅ ላይ ይቆማል። ርብና ጉማራ እየቆረጡት ያልፋሉ። የእናቴ ወገኖች የዚያ ሜዳ ሰዎች ስለሆኑ መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ታሪክ ግን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ከመጽሐፍ ነው።

ከዳግማዊ ቴዎድሮስ መቶ ሃምሳ ዓመት አስቀድሞ ጎንደር ላይ የነገሠው ቀዳማዊ ኢያሱ፣ «ታላቁ» የሚባለው፣ በእርጅናው ዋዜማ የሚወዳት ሴት ሞተችበትና በሐዘን ወደ ጣና ገለል አለ። ይህን ጊዜ የልጁ የተክለ ሃይማኖት እናት መለኮታዊትና ወገኖቿ አባቱ ሳይሞት ልጁን አነገሡት። ኢያሱ ታመመ፤ ሐይቁ መሐል ደሴት ላይ ዐረፈ። በ1699 ዓ.ም. የመለኮታዊት ወንድሞች እዚያው ደሴቱ ላይ ሄደው ገደሉት። አስከሬኑ ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ አጠገብ ባለችው በምጽራሃ ደሴት ዐረፈ።

ልጁም ብዙ አልነገሠም። በ1700 ዓ.ም. አደን ላይ ሳለ በአባቱ ወገኖች ተወግቶ ሞተ። «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» የሚል ስም ቀረለት። ከዚያ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ወኅኒ ከሚባለው የነገሥታት ልጆች እስር ቤት፣ ከአምባው አናት ወርዶ ዘውድ ጫነ። ወዲያው የወንድሙን ደም ይመልሳል ተብሎ ሲጠበቅ ዝም አለ። ዙፋኑ እስኪጸናለት ጠበቀ። ከጸና በኋላ መለኮታዊትን አሰቀላት፣ ወንድሞቿንም አስገደላቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጁ በገዛ እጁ አልገደለም። የእናቱ ወንድሞች ናቸው የገደሉት። ያዘዘው እርሱ ነው? ወይስ አጎቶቹ ሲነሡ አይቶ ፊቱን አዞረ? በሁለቱ ዓመታት ውስጥ እናቱን ቀና ብሎ ያያት ነበር? ዶስቶየቭስኪ በካራማዞቭ ወንድማማቾች ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆች በ1880፣ ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ አባቱ ይሞትለት ዘንድ በልቡ የተመኘ ልጅና ምኞቱን ሰምቶ የፈጸመ ሌላ እጅ። ሩሲያዊው ከዚህ ውስጥ የዓለምን ታላቅ መጽሐፍ አወጣ። እኛ የራሳችን ታሪክ ሐይቁ ላይ ተኝቶ ሳለ ቦሌ ቪላ እንሠራለን። ያ የቴዎፍሎስ ዝምታስ? ገዳዮቹ ከንጉሡ ጋር ማዕድ እየቀረቡ፣ ዛሬ ነው ወይስ ነገ እያሉ ያሳለፏቸውን ቀናት ያስቧቸው። ልብ ማንጠልጠል ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

«ይህ የነገሥታት ነገር ነው፤ ተራው ሰው ምን ምስጢር አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። መሬት አለዋ!

የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ስለነበር ከብት ማሰማሪያው ሰፊ ነበር፤ የፎገራ ከብት ስሙ የወጣው በዚህ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በተባሉ ቦታዎች ከገበሬዎች ማኅበራት ጋር ሩዝ ሞከሩ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስም መነሻው ይህ ነው። ሩዝ ደግሞ ሌላው ሰብል የሚሸሸውን ውሃ ይወዳል። እንደ ዘበት የታየው ረግረግ ዋጋ አወጣ። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች፤ ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም አላት። የግብርና ባለሙያ ይህን ሲጽፍ «የኑሮ መሻሻል» ብሎ ይጽፋል፤ ትክክል ነው። ደራሲ ሲጽፈው ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ትናንት «ውሃ የሚተኛበትን አንተ ውሰድ» ተብሎ ለታናሹ፣ ወይም ከውጭ ለተወለደው ልጅ የተሰጠው ቁራጭ ዛሬ ከደጋው ማሳ ሁሉ የበለጠ ሲያወጣ፣ ታላቁ ወንድም ሌሊት ምን ያስባል?

በዚህ ላይ የወረቀቱን ነገር ጨምሩ። በ1967 ዓ.ም. ርስት ቀረ። ከዚያ በፊት ሰው መሬት የሚያገኘው የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ፣ የአቅኚውን አባት ደም አስመስክሮ ነበርና አያት የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ሀብት ነበር፤ መደበቅም እንዲሁ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች የመሬት ሽግሽግ ተደረገ፤ በኮሚቴ ፊት «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተቆረጠበት። ያን ስም ማን አወጣለት? ስብሰባው ላይ እጁን ያነሣው የክርስትና ልጁ ቢሆንስ? ከዚያ የይዞታ ደብተር መጣ፤ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን፣ ከነፎቶግራፋቸው። አርሶ አደሩ መሬቱን ለሚጦረው ሰው እንዲያወርስ ተፈቀደ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሆነ። አያት በሐረግ ያገኙትን አባት በኮሚቴ አጣው፤ ልጅ በደብተር ፈለገው፤ ጧሪ በኑዛዜ ወሰደው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ አንድ የተዋሸ ምስክርነት አለ ብላችሁ ገምቱ።

እኔ አንዱን ሰምቻለሁ። ቀበሌውን አልናገርም፤ ሰዎቹ እንዳይለዩም አንዳንዱን ነገር አዛውሬዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጣናም ወንዞቹም ሞልተው የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ውሃው ሲሸሽ ደለል ትቶ ሄደ። የድንበር ድንጋይ የት እንደነበር የማይታወቅበት ማሳ ብዙ ነበር። አንዲት አሮጊት ወረታ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለዚያ ክረምት ስጠይቃቸው ቆይተው ቆይተው እንዲህ አሉኝ።

«ድንጋዩንማ ውሃው አልወሰደውም፤ ወንድሜ ነው ያነሣው። ሲያነሣ አየሁት። ሽማግሌ ሲጠይቀኝ ወንዙ ነው አልሁ።»

«ከዚያስ እናቴ?»

«ከዚያማ ጎረቤታችን አጣ። ልጆቹ ወደ መተማ ለሥራ ሄዱ። አንዱ አልተመለሰም።»

«ለንስሐ አባትዎ አልነገሯቸውም?»

«የንስሐ አባቴ የእሱም የንስሐ አባት ናቸው፤ የጎረቤቱም። እንዴት ብዬ? ላንተ የነገርሁህ መንገደኛ ስለሆንህ ነው፤ ነገ ትሄዳለህ።»

ሬሳ የለም። ጠበቃ የለም። ዲ ኤን ኤ የለም። የተነሣው አንድ ድንጋይ ነው። ሆኖም ከዚያ ክረምት በፊት የአንድ ቤት ሰው የነበሩ ሁለት ቤተሰቦች፣ ድርጊቱን ያየች አንዲት ሴት፣ ሁሉንም የሚናዝዙ አንድ ካህን፣ በየወሩም በአንድ ጽዋ ማኅበር የሚገናኙ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አሉ። ካህኑ ቢያውቁ እንኳ መናገር አይችሉም፤ ጠበሉን ባርከው ለሌባውም ለተሰረቀውም ያቃምሳሉ። ከውጭ የተዋስነው ልቦለድ ጸጸትን በአንድ ምዕራፍ ያስተነፍሰዋል፤ መርማሪው ይመጣል፣ ያንቃል፣ ጥፋተኛው ያለቅሳል፣ መጽሐፉ ያልቃል። የእኛ ጸጸት ቀኖና አለው፣ ስግደት አለው፣ ሰባት ዓመት ጾም አለው፤ ከሁሉ በላይ ከተበደለው ሰው ጋር በአንድ መንገድ ወደ ገበያ መሄድ አለው።

መርማሪስ ቢሆን የራሳችን የለንም? አውጫጭኝ ምን ነበር? ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ያለ ፈቃድ መነሣት የለም፤ እያንዳንዱ ያየ የሰማውን ምሎ ይናገራል። ፊት ለፊት መናገር የሚፈራ «ወፍ» ይሆናል፤ ለተመረጡት ሰዎች በስውር ይነግርና ስሙ አይወጣም፤ «ወፍ ነገረን» ይባላል። አጋታ ክሪስቲ አሥር ሰው አንድ ደሴት ላይ ለመዝጋት ማዕበል ያስፈልጋት ነበር። እኛ አንድ ሙሉ ቀበሌ ፀሐይ ላይ አስቀምጠን የምንዘጋበት ሥርዓት ነበረን፤ ገዳዩም ከጎረቤቱ ጎን ተቀምጦ «እኔ አላየሁም» እያለ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ሌባ ሻዩም ነበር፤ መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ይህ ግፍ ነበር። ለልቦለድ ግን እንዴት ያለ ግፍ ነው! ልጁን አስቀድሞ ገንዘብ የሰጠው ሰው ቢኖርስ?

እዚህ ላይ የሚቀርብልኝ ተቃውሞ ይታወቃል። «ሀበሻ ገመናውን አያወጣም፤ ባህላችን አይደለም» ይባላል። ይህን አባባል አንድ ቀን እንኳ ሳይመረምሩ የሚደግሙትን አደብ ማስገዛት ያስፈልጋል። ገመና የሚሸፈነው ለማን ሲባል ነው? በአጎቷ ቤት ያደገችው ልጅ የደረሰባት ነገር ሲሸፈን የተሸፈነው ማን ነው? እርሷ ናት ወይስ አጎቷ? ድንበሩ የተገፋበት ጎረቤት ገመና አለው? የለውም፤ እርሱ ያለው እሮሮ ነው። እስከማውቀው ድረስ ገመና ሁልጊዜ የባለቤቱ፣ የታላቁ፣ የባለ ብዙ ዘመዱ ነው። ደካማው ወገን ለመሸፈን የሚበቃ ልብስ ኖሮት አያውቅም። ሌሎች የደበደቡትን ሰው የቱርክ ባለጸጋ ሲደበድበው ቴሌቪዥን ላይ አይተን እንባ የምናፈስ ሰዎች፣ ያው ነገር በአማርኛ ስምና በአማርኛ መልክ ሲጻፍ «ነውር» የምንለው ለምንድን ነው? የተዋሰው ገመና የሚመቸን ማንንም ስለማይጠራ ነው።

ይህ ባህል ነው የሚሉ ደግሞ ትልቁን መጽሐፋችንን እንደገና ይግለጡ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከየት ነው? ለልጃቸው የፈሩ ወላጆች ከሚሳሉት ስለት! በዛብህ ሳይጠየቅ የተፈረመበት ውል ነው፤ ወላጆቹ የተበደሩትን እርሱ ዕድሜውን ሙሉ ይከፍላል። በማዶ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ አሉ፤ የዘር ኩራታቸው ለልጃቸው የሚመጥን ሰው አሳጥቶ ቤታቸውን የሚያፈርስ። ይህ የቤተሰብ ገመና ነው፤ ከነኩራቱና ከነዕዳው፣ በጎጃም መሬት፣ በጎጃም አማርኛ። ሕዝቡም አልተቆጣም፤ በሬዲዮ ሲተረክ ሥራ ፈቶ ሰማ እንጂ።

የዛሬው ደራሲ ግን በግል ስታገኘው የሚነግርህ ሌላ ነው። «ዘመዶቼ ያውቁኛል፤ አክስቴ ትቀየመኛለች» ይላል። ይህን ስሰማ በዓሉ ግርማን አስባለሁ። «ኦሮማይ»ን ጻፈ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ መኪናው ቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እርሱ የጻፈው የመንግሥትን ገመና ነበር። የእኛ ሰው የአክስቱን ፊት ፈርቶ ገጸ ባሕርዮቹን ቦሌ ያሰፍራል፤ ፎገራ ላይ ያለውን ድንጋይ የሚያነሣው ወንድም ሳይጻፍ ይቀራል፤ አንባቢውም ሦስተኛውን ቪላ በሁለት ቀን ጨርሶ አራተኛውን ይጠይቃል። አሳታሚዎችም «ገበያው ይህን ነው የሚፈልገው» ይላሉ። ገበያው ሌላ ነገር ቀርቦለት ያውቃል?